ፎቶው ብቻ የሚታይበት ገጽ

ነይ ደሪቱ፣ እዚህ ከኔ ጎን ተቀመጪ። ከኋላ ያንገላታሻል፣ ገና አራስ እኮ ነሽ። አትሳቂ፤ እናቴ የወለደች ሴት ዓመት እስኪሞላት አራስ ናት ነበር የምትለው። ቦርሳሽን ለኔ ስጪኝ። ልጁስ እንዴት ነው? ሌሊት ያስተኛችኋል? ዛሬ ጥለሽው ስትወጪ እሱ ነው ያለቀሰው ወይስ አንቺ? ... አውቄዋለሁ፣ ዓይንሽ ይናገራል። አይዞሽ፣ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው። ትንሽ ቆይተሽ ቅዳሜና እሁድ ራሱ ይረዝምብሻል።

ሱሌማን ወንድሜ፣ ሬዲዮኑን ትንሽ ዝቅ አድርግልን እስቲ። ደሪቱ ከጠፋች ብዙ ጊዜዋ ነው፣ እናውራ ብለን ነው። ጋሼ፣ እርስዎም ከፊት ያለውን መስኮት ዘጋ ቢያደርጉልን... ተባረኩ። ለድምፁ አይደለም፣ ለነፋሱ ነው። ድምፅስ ቢሰማ ምን ክፉ ነገር እናወራለን?

መንገዱን አየሽው? ቀለበት መንገድ ይሠራል ብለው መገናኛን እንዳለ ገለበጡት። ድሮ ከቦሌ ተነሥተን አንድ ወሬ ሳንጨርስ ሲ ኤም ሲ እንደርስ ነበር። አሁን ወሬው አልቆ ዝም ዝም ተባብለን ገና ጉርድ ሾላ ነን። ዛሬ ግን እንኳን ረዘመ፤ የምነግርሽ አለኝ።

ፌናን የታለች ብለሽ ነው አይደል ከጠዋት ጀምሮ ዓይንሽ የሚንከራተተው? የአስተማሪዎች ክፍል ገብተሽ ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሰው ስታዪ ክው ማለትሽን አይቻለሁ። "ሸምሲያ፣ ልጅቷን ምን አደረጋችኋት?" አልሽኝ። ያኔ ያልነገርኩሽ ክፍሉ ውስጥ ሰው ስለነበረ ነው። እዚህ ግን... እዚህ ማን አለ? ሁላችንም የአንድ ማሰልጠኛ ሰዎች ነን፣ አንድ ሰርቪስ ነው የምንሳፈረው፣ ምን የምንደባበቀው ነገር አለ?

ፌናን ደህና ናት። እንዲያውም ካንቺም ከኔም ትሻላለች። ለዚህም አንድ ሰው ሊመሰገኑ ይገባል። ስማቸውን አልጠራም። መወደስ አይወዱም... ማለቴ በሌላ ሰው አፍ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ ሆድሽ ገፍቶ ከመውጣትሽ በፊት ፌናን ያንን የኢንተርኔት ገጽ ስታዘጋጅ ታስታውሻለሽ? ፕሮግራም መጻፍ በአማርኛ የሚያስተምረውን? በየሳምንቱ አንድ አዲስ ትምህርት ይወጣበታል፣ ከትምህርቱ ሥር ኮዱ አለ፣ ከኮዱ ቀጥሎ ደግሞ ፕሮግራሙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት የሚያሳይ ዲያግራም። በየክፍለ ሀገሩ ያሉ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ከፍተው ተማሪዎቻቸውን እንዲያስተምሩበት ነበር ሐሳቧ። ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ አይደል? እኛ ገና አጠራሩን ስንለማመድ እሷ ለሰው ልታስተምርበት ተነሣች። ክረምቱን ሙሉ ደከመችበት። አንዷን ቀስት ወደ ላይ ላድርጋት ወይስ ወደ ጎን ብላ ሦስት አራት ሰው ስትጠይቅ አስታውሳለሁ። እኔንም ጠይቃኛለች፤ እኔ ሒሳብ መዝጋት እንጂ ቀስት ምን አውቃለሁ? "የማያውቅ ሰው ካልገባው ትምህርት አይባልም" አለችኝና ተቀምጣ አስረዳችኝ። ደግሞም ገባኝ።

ሲያልቅ ለክፍሏ ኃላፊ አሳየቻቸው። ምን ዓይነት ሰው መሰሉሽ። ሥራ አይንቁም። በተለይ ተሠርቶ ያለቀ ሥራ አይንቁም። ገጹን ከላይ እስከ ታች አይተው ሲያበቁ "ይሄማ የማሰልጠኛችን ፊት ነው" አሉ። ፊት ከሆነ ደግሞ ፊት ያስፈልገዋል አይደል? በማግስቱ ሱፋቸውን ለብሰው ፒያሳ ፎቶ ቤት ሄደው ተነሡ። ያምራሉ። ፎቶው ገጹ ራስ ላይ ጉብ አለ። ጥቁር ክፈፍ አደረጉለት፣ ክብር ይሰጠዋል ብለው። ከሥሩ "አዘጋጅ" ተባለና ስማቸው ተጻፈ።

የፌናን ስምስ አልሽኝ? የፌናን ስም ከታች ነበር፣ በትንሹ ፊደል። በኋላ ቦታ አጣበበ ተባለና ተነሣ። እኚህ ሰው መጣበብ አይወዱም።

ፌናንን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ስሟ ሲነሣ ዝም ብላ፣ ለኮዱ ግን ዝም ማለት አቃታት። "ጋሼ፣ ለሰው ከመውጣቱ በፊት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን እንየው። ኮዱ መስመር መስመሩን ጠብቆ መውጣቱን፣ ዲያግራሙም መታየቱን እናረጋግጥ" አለቻቸው።

"ማረጋገጥ የኃላፊ ሥራ ነው" አሏት። "እኔ አየዋለሁ።"

አዩት ደግሞ። ሐሰት አልናገርም። በራቸውን ዘግተው፣ ሻይ አስመጥተው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ አዩት። የአበል ጥያቄ ይዤ ስገባ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ናቸው፣ ፎቶው ያለበት ላይ። ወደ ግራ ትንሽ ያስጠጉታል፣ ራቅ ብለው ያዩታል፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ይመልሱታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። "ሸምሲያ፣ ከበሩ ሆነሽ ስታዪው እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ጋሼ፣ ከበር ቀርቶ ከመንገድ ይታያል" አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ለወይዘሮ ኣብርሀት በሚገባ ተጣርቷል ብለው አስታወቁ። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ሥራ የበዛባት ሴት ናት፣ ኃላፊ ተጣርቷል ካላት ምን ብላ ትጠራጠራለች? ገጹ ወጣ። ለየትምህርት ቤቱም ተነገረ፣ ክፈቱና እዩ ተብሎ።

አሁን የሚቀጥለውን ስነግርሽ እንዳትስቂ። ጋሼ እዚያ ፊት ያሸለቡ ይመስለኛል፣ እንዳንቀሰቅሳቸው።

ናዝሬት አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አለ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን የሚመሩት አቶ ካሳዬ የሚባሉ ሰው ናቸው። ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው ገጹን ከፈቱት። ምን ታያቸው መሰለሽ? ያ የፌናን አማርኛ የለም። የአማርኛው ፊደል እነሱ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጫነ ሁሉም ነገር የፈረንጅ ነጥብና ሰረዝ ሆኖ ወጥቷል፣ ሊነበብ አይችልም። ኮዱ መስመር የለውም፤ እንደ ፈሰሰ ምስር አንድ ላይ ተደባልቋል፣ ያውም ግማሹ የለም። ዲያግራሞቹ የነበሩበት ቦታ ባዶ ሳጥን ሆኗል፣ በየሳጥኑ ጥግ ደግሞ ትንሽ ቀይ የመስቀል ምልክት። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድለው፣ በጥቁር ክፈፍ ውስጥ... የአንድ ሰው ፎቶ።

አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?

እነሱም ያንኑ አሉ።

ስልኩ ሲደወል እንደገና እዚያ ቢሮ ነበርኩ፣ በዚያው የአበል ጥያቄ። በአንዴ ስለማይፈርሙ ነው፤ ችኩል አይደሉም። የደወሉት ሰው ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ እኔ ካለሁበት ቃል በቃል ይሰማኛል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ከናዝሬት ነው፣ ካሳዬ እባላለሁ። በጣም አዝነናል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።"

"ምን ሆናችሁ?" አሉ እሳቸው።

"እኛማ ደህና ነን። የናንተን ሐዘን ገጹ ላይ አይተን ነው። ጽሑፉ ሊነበብልን አልቻለም፣ ፎቶውን ግን አየነው። ገና ጎልማሳ ናቸው እኮ። ታመው ነበር ወይስ ድንገት ነው?"

"የትኛው ሰው?"

"እኚህ ሰፊ ክራባት ያደረጉት። ባለ ሰረዙን።"

እሳቸው ጎንበስ ብለው ክራባታቸውን አዩ። ያው ክራባት ነበር፣ ያን ቀንም አድርገውታል። ከዚያ ስልኩን በሌላ እጃቸው ያዙና "እኔ ነኝ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ አቶ ካሳዬ "እንኳን ተረፉ" አሉ። ሌላ ምን ይበሉ?

እስቲ አስቢው ደሪቱ፣ በሕይወት እያለ እንዴት እንደሚታዘንለት የሚሰማ ሰው ስንት ነው? ሌላው ሰው ሞቶም አያውቀው። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው፣ ሻያቸውን ይዘው፣ "ገና ጎልማሳ ናቸው" ሲባሉ ሰሙ። እኔ ብሆን ለዚህ ብቻ ገጹን እስመው ነበር።

አልተደሰቱም ግን። ተነሥተው በቀጥታ ወይዘሮ ኣብርሀት ዘንድ ሄዱ። "ፌናን ስትተይበው አበላሽታዋለች፣ ስማችን ጠፋ" አሏት። ልጅቷ ተጠራች። እኛም ተጠራን። ፌናን እጇን አጣምራ ቆማ "ጋሼ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንየው ብዬዎት አልነበረም?" አለች፣ ድምፅዋን እንኳን ሳታነሣ።

እሳቸው አልተከራከሯትም። ጨዋ ናቸው። "ኑና እዩ" ብለው ሁላችንንም ወደ ቢሮአቸው ወሰዱን። ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። ምን ልበልሽ፣ እንደ ሙሽራ ቤት ነው። አማርኛው ይነበባል፣ ኮዱ በየመስመሩ ተደርድሯል፣ ዲያግራሙ ከነቀስቱ ቁልጭ ብሏል። "ይኸው። እኔ ጋ ትክክል ነው" አሉ። ማን ምን ይላል? እሳቸው ጋ ሁሉም ነገር ትክክል ነው። ሁልጊዜም።

ወይዘሮ ኣብርሀትም ያየችው ያንን ነው። ልጅቷ ከማስተማር ተነሥታ መግቢያው አጠገብ ተማሪ መመዝገቢያው ላይ እንድትቀመጥ ተወሰነ፣ ለጊዜው ተብሎ። ያን ዕለት አብረን ወደ ፌርማታ ስንሄድ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? "ሸምሲያ፣ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ምናልባት እውነትም እኔ ይሆናል ያበላሸሁት" አለችኝ። ፌናን እኮ ናት። ኮዷን በእንቅልፏ የምታነበው ልጅ። ያኔ ቀልድ ሁሉ ጠፋብኝ።

የፌናን ነገር ግን ታውቂያለሽ፣ ከተጠራጠረች ካላረጋገጠች አይተኛላትም። መመዝገቢያው ላይ ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ ሲነሣ የወፍጮ ድምፅ አለው፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የማይፈልገው እሱን ነው። እሱ ላይ ገጹን ከፈተችው። ናዝሬት የታየው ሁሉ ታያት፤ ፎቶ፣ ባዶ ሳጥን፣ ቀይ መስቀል። ደነገጠች ብለሽ ነው? ደስ አላት። "አገኘሁት" ብላ ሒሳብ ክፍል ድረስ መጣች።

እንዳስረዳችኝ ላስረዳሽ። ዲያግራሞቹን ያኔ ለኃላፊዋ በፍሎፒ ነበር የሰጠቻቸው። እሳቸው ወደ ገዛ ኮምፒውተራቸው ገለበጧቸው፣ ገጹንም እዚያ ፈልጋቸው አሉት። ከዚያ ገጹን ወደ ኢንተርኔት ሲልኩ ዲያግራሞቹን አብረው አልላኳቸውም። ስለዚህ ናዝሬት ያለ ሰው ገጹን ሲከፍት፣ ምስኪኑ ገጽ ስዕሉን የሚፈልገው እሳቸው ቢሮ፣ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። በሩ ደግሞ ዝግ ነው። ከስዕል ሁሉ ተመርጦ የተላከው አንድ ብቻ ነው... የትኛው እንደሆነ ልንገርሽ ወይስ ይቅር?

ኮዱ ደግሞ ወደ ኢንተርኔት በሚላከው ቅጂ ላይ ለፎቶው ቦታ ለማስተካከል ነካ ነካ ተደርጓል፤ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው ያልተነካው ቅጂ ነው። መስመሩን የሚጠብቀው ትእዛዝ ተነሣ። አፏን ወደ ቀኝ የከፈተችውን፣ ያንሳል የምትለዋን ምልክት ታውቂያታለሽ አይደል? ገጹ ላይ በልዩ አጻጻፍ ካልገባች ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ትመስለውና ከሷ ቀጥሎ ያለውን ውጦ ያስቀረዋል። ፌናን ይህንን አውቃ በጥንቃቄ አስገብታት ነበር። እሳቸው አጻጻፏ አስቀያሚ ነው ብለው አስተካከሏት። አስተካከሏት ነው የሚባለው።

ታዲያ ልጅቷ ወቀሳ ውስጥ አልገባችም። በነፃ ቦታ የሚሰጥ አንድ የውጭ አገር ገጽ አገኘችና እዚያ በሌላ አድራሻ እንደ አዲስ አስቀመጠችው። ዲያግራሞቹን አብራ ላከች። ኮዱን መስመር በመስመር መለሰች። የአማርኛውን ፊደል ደግሞ የሌለው ሰው ወስዶ እንዲጭነው ገጹ ራስ ላይ አደረገችለት፣ አጫጫኑንም በእንግሊዝኛ ጻፈች። ከዚያ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ማረጋገጥ ነው። ገርጂ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ለመነቻቸው፤ እዚያ ስትከፍተው አንዱ ዲያግራም ከስክሪኑ ወጥቶ ተቆረጠባት፣ ተመልሳ አሳነሰችው። ሌላ ቦታ ቀለሙ ጠፍቶ ቀስቱ ከወረቀቱ ጋር ተመሳሰለባት፣ ተመልሳ አጠቆረችው። ምሳዋን መቼ እንደምትበላ እንጃ።

መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ የወሰድኳት። የአክስቴን ልጅ ሐቢባን ታውቂያት የለም? ቦሌ መንገድ ላይ የአየር ትኬት ቢሮ ነው የምትሠራው። ደንበኛ ሲሳሳ ጠብቃ ወንበሯን ለቀቀችላት። ፌናን አድራሻውን ጻፈች። ሞደሙ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። መጀመሪያ ጽሑፉ መጣ፣ ኮዱ መጣ፣ ያቺ አፏን የከፈተች ምልክትም ቦታዋ ላይ አለች። ዲያግራሙ ግን ቀስ እያለ ነው፣ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ መጋረጃ እየወረደ። አንድ ሳጥን፣ ከዚያ አንድ ቀስት፣ ከዚያ ሌላ ሳጥን። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘናል። ሐቢባ ምን እንደምትጠብቅ እንኳን አታውቅም፣ ግን ያዘችው። የመጨረሻዋ ቀስት ወርዳ ስትገጥም ፌናን ስክሪኑን በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ልክ አንቺ ልጁን እንደምትነኪው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐቢባ "ምን ሆነች?" ስትለኝ "ልጇ ደህና መሆኑ ተነገራት" አልኳት።

ገና ሲ ኤም ሲ እየገባን ነው? ጥሩ፣ እደርሳለሁ።

በዚያው ሰሞን አቶ ካሳዬ ናዝሬት ሆነው እረፍት አጡ። በቁሙ ያለ ሰው አልቅሼበት ስልክ ዘጋሁ ብለው ነው። ይቅርታ ልጠይቅ፣ በዚያውም ትምህርቱን ልየው ብለው ከባልደረባቸው ጋር መጡ። ወይዘሮ ኣብርሀት አዳራሹን አዘጋጁ አለች። ያኔ የኃላፊውን ብልሃት ብታዪ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አይሆንም አሉ። የራሳቸው ከሦስተኛ ፎቅ ይውረድ አሉ። ያ ጋን የሚያክል ስክሪን። ሱሌማን አቅፎ ደረጃውን በጀርባው ሲወርድ ከኋላው "ቀስ፣ ቀስ" እያሉ ይከተሉታል። አይደል ሱሌማን? ... ዝም ብለህ ንዳ፣ አንተን ምስክር አላደርግህም።

አዳራሹ ውስጥ ተከፈተ። አማረ። ተጨበጨበ። አቶ ካሳዬ ቀና ብለው "ግሩም ነው። እኛም ናዝሬት ስንመለስ እንዲህ ሆኖ ይታየናል?" ብለው ጠየቁ።

"በሚገባ" አሉ እሳቸው።

"ባለፈው ግን እንዲህ አልነበረም።"

"የናንተ ኮምፒውተር አሮጌ ሳይሆን አይቀርም።"

አቶ ካሳዬ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። "ልክ ነዎት፣ አሮጌ ነው። እንግዲያው ከዚህ ቤት አሮጌ የተባለውን ያሳዩኝና በሱ ልየው" አሉ።

አሮጌው ደግሞ የታለ? መግቢያው ጋ፣ ፌናን ፊት ለፊት። ሁሉም ተነሥቶ ወደዚያ ሄደ። እሳቸው ከፊት መሆን ይወዱ የለ፣ ያን ቀን ግን ከኋላ ነበሩ፣ ለእንግዳ ቅድሚያ ሰጥተው። አቶ ካሳዬ አድራሻውን ጻፉ። ወፍጮው ፈጨ፣ ፈጨና... ፎቶ። ጥቁር ክፈፍ። ቀይ መስቀል በየሳጥኑ። ወይዘሮ ኣብርሀት በዓይኗ ስታየው ያ የመጀመሪያዋ ነበር። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ያው ነው።

ያን ጊዜ ፌናን "ሌላኛውን አድራሻ ልክፈትልዎት?" አለች።

ከፈተችላቸው። በዚያው በአሮጌው። አቶ ካሳዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኮዱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ከዚያ ዲያግራሙን፤ "ከዚህ ይነሣል... እዚህ ይጠይቃል... ካልሆነ ወደዚህ ይመለሳል" ይላሉ ለባልደረባቸው። ሰው ስልኩንም እንግዳውንም ረሳ። ሲጨርሱ ዘወር ብለው "የማን ሥራ ነው?" አሉ።

እሳቸው ከኋላ ሆነው "የክፍላችን ሥራ ነው" አሉ።

ወይዘሮ ኣብርሀት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሲበላሽ የፌናን ነበር እኮ" አለች። ይህችን ብቻ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ መጨመርም አላስፈለጋትም።

ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ። ወይዘሮ ኣብርሀት ቢሮዋ ጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ ወደ ክፍልሽ ተመለሺ አለቻት። አቶ ካሳዬ ደግሞ መምህራኖቼን ታስተምርልኝ፣ ከፈቀደችም ከኛው ጋር ትሥራ ብለው ጠየቁ። ፌናን ሁለት ሌሊት አሰበችበት። እናቷ ደግሞ ናዝሬት እህት አላት። ሄደች። አሁን እዚያ የኮምፒውተር ክፍሉን ከአቶ ካሳዬ ጋር ነው የምትመራው። ባለፈው እሁድ ደውላልኝ ነበር፤ ትስቃለች፣ ድምፅዋ ሁሉ ወፍሯል። አዲስ ትምህርት በወጣ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ እየዞሩ ከፍቶ ማየት ነው፣ ተማሪዎቿ ለዚህ ይሻማሉ አለችኝ። ስለ አንቺ ጠየቀችኝ፣ የልጁን ስም ስነግራት ጮኸች።

ሽኝቷ ላይ አለመኖርሽ ነው የቆጨኝ። ኃላፊዋ ንግግር አደረጉ። "ይህችን ልጅ እዚህ ያደረስኳት እኔ ነኝ" አሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ግን ካንጀቴ ነው ያጨበጨብኩት። ልክ ናቸዋ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ መቼ ትሄድ ነበር? እዚህችው ቀስቷን ስታስተካክል ታረጅ ነበር። እንዲህ ያለ ውለታ የሚውል ሰው በየቢሮው አይገኝም። ወይዘሮ ኣብርሀትም ይህንኑ አይታ መሰለኝ፣ ከንግዲህ ገጽ የማጣራቱን ድካም ለሌላ ሰው ሰጠችላቸው። ይረፉ፣ ብዙ ለፍተዋል አለች። እሳቸውም እያረፉ ነው። ጠዋት ይመጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ማታ ከኛው ጋር ይመለሳሉ።

ውይ፣ ሳሊተ ምሕረት ደረስን እንዴ? ሱሌማን፣ ከጭቃው ራቅ አድርገህ ቁምላቸው፣ ጋሼ ይወርዳሉ። ጋሼ፣ እንዲያው በወሬ አደከምንዎት አይደል? እኔኮ የተኙ መስሎኝ ነው። ጆሮዎ ቀልቷል፣ ነፋሱ መታዎት እንዴ? መስኮቱን ዘጋሁ ብለው... ኮትዎን እንዳይረሱ፣ ደሪቱ አቀብያቸው። ያቺ ጥላ ይዛ የቆመችው ልጅዎ ናት? አደገች እኮ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ኮምፒውተር ልትማር ነው ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ትጉህ ናት ይላሉ፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሣም አሉ። ፊቷም ያስታውቃል። ደህና ይግቡ ጋሼ። አላህ ያሳድግልዎ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ። ተምራ፣ ተመርቃ፣ በላቧ ሥራ ስትይዝ ደግሞ... ልክ እንደርስዎ ያለ አለቃ ይስጣት።